ሳይፈለግ የተገኘ እብጠት

ካምፖ ዶ ፒንያው፣ ፓራና
ማርች 9 ቀን 1997

ለልጄ ለአዴማር፤

እግዚአብሔር ይባርክህ። እመቤታችን ከነባለቤትህ ከነልጅህ በመጎናጸፊያዋ ትሸፍንህ። እኔ ከጎድን አጥንቴ በቀር ደህና ነኝ። እንዳትደነግጥ ብዬ ደህንነቴን አስቀደምኩ እንጂ የምጽፍልህስ ሌላ ነገር ነው።

ባለፈው ወር ጡረታዬን ልቀበል ወደ ከተማ ስወርድ አውቶቡሱ ቀዩ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ተገለበጠ። ሰው አልሞተም። የሞቱት የዶና ኦንዲና ሁለት ዶሮዎች ብቻ ናቸው፤ እሷም እስከ ዛሬ ወንድሞቿ የሞቱባት ይመስል ታለቅሳለች። እኔ ሦስት የጎድን አጥንት ተሰበረብኝ። ሆስፒታል ወስደው፣ ሆዴ ውስጥ ደም ፈስሶ እንደሆነ እንይ ብለው አንተ የምትሠራበት ዓይነት ማሽን ውስጥ አስገቡኝ፤ ያ እንደ ምድጃ አፍ ክብ የሆነው። «ደም የለም፣ አጥንቱም ይገጥማል» አለኝ ሐኪሙ። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል በሩ ላይ ቆም አለና፣ «እግረ መንገዳችንን ግን ያየነው ነገር አለ» አለ። ከግራ ኩላሊቴ አናት ላይ በተቀመጠችው ዕጢ ላይ ትልቅ የወይን ፍሬ የምታህል እብጠት አለች አሉ። ምን እንደሆነች ስጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ። ሠላሳ አንድ ዓመት ልጆች ሳስተምር «አላውቅም» ለማለት ትከሻውን የሰበቀብኝን ሁሉ ጥግ አቁሜው ነበር፤ ይሄን ግን ምን ላድርገው?

እናትህ አልዚራ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የአጎቴ ልጅ ብትሆንም እንደ እህት ነው ያደግነው። አንተም ከዘሩ ሁሉ የሰውን ሆድ ዕቃ ማየት የተማርክ ብቸኛው ነህ። ስለዚህ ፊልሞቹን ጠቅልዬ ልኬልሃለሁ። ያየኸውን ሳትደብቅ ጻፍልኝ። ስልክ እንዳትደውል፤ ከአደጋው ወዲህ ጆሮዬ እሺ አይለኝም፣ ስልኩ ያለበት ሱቅ ድረስ መሮጥም አልችልም።

ልጄ ቫልሚር እንደ ወትሮው ግንባሩን ቋጥሮ የማቴ ሻይ ቅጠሉን ይለቅማል። ልጁን ሱኤለንን ግን ብታያት! ገና ሦስት ዓመቷ ነው፣ የአምስት ዓመት ልጅ ቀሚስ ልኳ ሆኗል። የወተቱን ባልዲ ብድግ ታደርገዋለች። ድምጿ ጎርነን ስላለ እናቷ ኢቮኔቴ «ከቄሱ ጋር ታዚም» እያለች ትስቅባታለች። ግንባሯ ላይ እንደ ጎረምሳ ብጉር አውጥታለች፤ ማር እቀባላታለሁ።

ቶሎ ጻፍልኝ።
አክስትህ ዤኔሮዛ


ፖርቶ፣ ፖርቱጋል፣ ማርች 31 ቀን 1997

ምርቃትዎን ይስጡኝ፣ አክስቴ ዤኔሮዛ።

እንኳን እግዚአብሔር አተረፈዎ። ደብዳቤዎን ለባለቤቴ ለፊሎሜና ሳነብላት ለዶሮዎቹ አብራ አዘነች።

ፊልሞቹን በሥራ ቦታዬ መብራት ላይ ሰቅዬ ደጋግሜ አየኋቸው፤ እዚህ ያለ አንድ የጨረር ሐኪምም አየልኝ። እብጠቷ ትንሽ ናት፤ ክብ ናት፤ ጠርዟ ለስላሳ ነው። ይህ ሁሉ ደግ ምልክት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለሌላ ጉዳይ ከሚነሱ ሰዎች መካከል በብዙዎች ላይ ይገኛል፤ አብዛኛውም ሰው ሳያውቀው ይዞት ኖሮ በእርጅና ይሞታል።

ግን ልቤን የሚሞላልኝ አንድ ነገር ጎድሎኛል። ይህ ማሽን ላየው ነገር ሁሉ ቁጥር ይሰጣል። ለውሃ ዜሮ፣ ለስብ ከዜሮ በታች፣ ለሥጋ ሠላሳና አርባ። ክፉ ያልሆነችው እብጠት ውስጧ ስብ ስለምትቋጥር ቁጥሯ ብዙ ጊዜ ከአስር በታች ነው። የእርስዎን ሲያነሱ ግን ደም ለመፈለግ ብለው በደም ሥርዎ መድኃኒት ሰጥተዋል፤ እሱ ሁሉንም ያነጣዋል፤ ቁጥሩም አያስተማምንም። ስለዚህ ያለ መድኃኒት እንደገና መነሳት አለብዎት። ኩሪቲባ ውስጥ አብራኝ የሠራች ዶክተር ኤልጋ የምትባል ሐኪም አለች፤ ጽፌላታለሁ፤ ትጠብቅዎታለች። የደም ግፊትዎን፣ ደምዎንና ሽንትዎንም ትመረምራለች። ይህ ሳይሆን ማንም «መርፌ ሰድጄ ናሙና ልውሰድ» ቢልዎት እሺ እንዳይሉ። አንዳንዷ እብጠት መርፌ ሲነካት የደም ግፊትን ሰማይ ታደርሰዋለች።

ሌላ ደግሞ፣ ሱኤለን የተወለደችው በየትኛው ወር ነው? ብጉሩ ግንባሯ ላይ ብቻ ነው? ገላዋን የሚያጥባትስ ማን ነው? እንዲያው ለጨዋታ ያህል ነው የጠየቅሁት።

እጅዎን እየሳምኩ፣
አዴማር


ካምፖ ዶ ፒንያው፣ አፕሪል 27 ቀን 1997

ለልጄ ለአዴማር፤

እግዚአብሔር ይባርክህ፤ በሄድክበት ይቅደምህ።

ስለ ቁጥሩ የጻፍከው ገብቶኛል። አንተ ብታስተምር ኖሮ ጎበዝ አስተማሪ ይወጣህ ነበር። ወደ ኩሪቲባ ግን አሁን አልሄድም። የጥድ ፍሬ መርገፍ ጀምሯል፤ ሁሉም ሰው ጫካ ነው። በጁን እሄዳለሁ። እስካሁን የተሸከምኳት እብጠት ሁለት ወር ብጨምርላት አትከብደኝም።

ሱኤለን የተወለደችው በፌብሩዋሪ ነው። ገላዋን የማጥባት እኔ ነኝ። ደህና ናት። የሕፃን ገላ የሕፃን ገላ ነው፤ ሌላ ምን እንድልህ ፈልገህ ነው? የጤና ጣቢያችን ሐኪምም አይቷታል፤ «በደንብ የበላች ልጅ» ብሎ ጉንጯን ቆንጥጦ ሰደዳት። «ለጨዋታ ያህል» ትላለህ ደግሞ። ሰው ለጨዋታ ብሎ የልጅ ገላ ማን ያጥባል ብሎ አይጠይቅም፣ አዴማር። ደብዳቤህ ጠረጴዛው ላይ ውሎ ቫልሚር አነበበው። ፊቱ ጠቆረ። ስለዚህ ስለ ልጅቷ ደግመህ አትጻፍ፤ ስለ እኔ ጻፍ።

ይዘዙኝ ትለኝ የለ? ለእኔ ምንም አያስፈልገኝም። ለሱኤለን ግን የክረምት ጫማ ላክላት፤ እዚህ ያለው ሁሉ ጠበባት። ቁጥሯ ሃያ ዘጠኝ ነው።

አክስትህ ዤኔሮዛ


ፖርቶ፣ ሜይ 12 ቀን 1997

ምርቃትዎን፣ አክስቴ።

አትጻፍ ብለውኛል፤ እጽፋለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

ልጄ ማርታ ከሱኤለን በአንድ ዓመት ትበልጣለች። ጫማዋ ሃያ ስድስት ነው።

ትናንት አትደውል ያሉኝን ትእዛዝ ሽሬ ሱቁ ጋ ደወልኩ። ያነሳው ቫልሚር ነበር። ሰላምታ ሳንጨርስ፣ «አንተ፣ ባህር ማዶ ቁጭ ብለህ ልጄን አታሟርትባት» አለኝ። «ሟርት አይደለም ቫልሚር፣ አንድ ጊዜ ሆዷን በአልትራሳውንድ ይዩዋት፤ አያማት፣ አይወጋት» አልኩት። «ሆዷ ምን ሆነ? ልጄ በሬ ናት! ጠንካራ ልጅ ስታይ ምን ያንገበግብሃል? የራስህ ከስታብህ ነው?» ብሎ ዘጋው።

በሬ ናት አለኝ። አባቴም ወንድሜን ዤልሶንን እንዲያ ነበር የሚለው። ዤልሶን አራት ዓመቱ፣ እኔ ሰባት ነበርኩ። ወፍጮ ቤት ወንዶቹ ተሰብስበው የበቆሎ ከረጢት ያስነሱት ነበር። ሲያነሳ ያጨበጭባሉ። ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ጥቁር ለስላሳ ጸጉር ወጥቶበት ነበር፤ አባቴ በኩራት ለመንገደኛ ሁሉ ያሳይ ነበር። እኔ እቀናበት ነበር፣ አክስቴ። ከዚያ ውርጩ ሲገባ ጎኑ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። በሁለት ወር ሄደ። አንዱ ትል ነው አለ፣ አንዱ የሰው ዓይን ነው አለ። የበሽታውን ስም የነገረን የለም፤ እኔም ስሙን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ከመጽሐፍ ነው። የሚነሳው እርስዎ ላይ ከተገኘችው እብጠት ቦታ ነው፤ ከዚያችው ዕጢ። የእርስዎ እብጠት ዝምተኛ ናት። የልጆቹ ግን የጎልማሳ ወንድ ቅመም፣ ሆርሞን የሚሉትን፣ ወደ ደማቸው ትረጫለች፤ ስለዚህ ነው ልጁ ያለ ዕድሜው የሚያድገው።

ዤልሶንን አጥበው የገነዙት እርስዎ ነበሩ። እኔ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃሉ።

ለእርስዎ ምርመራ ወደ ኩሪቲባ ሲሄዱ እሷንም ይዘዋት ይሂዱ። ጁንን አይጠብቁ።

አዴማር


ፖርቶ፣ ጁን 10 ቀን 1997

ምርቃትዎን፣ አክስቴ።

መልስ አልደረሰኝም። ዶክተር ኤልጋም አልመጡም ብላ ጽፋልኛለች። ከተቆጡኝ ተቆጥቻለሁ ብለው ይጻፉልኝ። ዝም አይበሉኝ።

አዴማር


ኩሪቲባ፣ ጁን 24 ቀን 1997

ለልጄ ለአዴማር፤

ሁሉን የሚያይ ጌታ ይባርክህ። ዛሬ የቅዱስ ዮሐንስ ቀን ነው፤ እኛ ሰፈር ደመራ እየተለኮሰ ይሆናል። እኔ የምጽፍልህ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ካለ ማረፊያ ቤት ነው። እንዴት እንደ መጣሁ በተራ ልንገርህ።

የሜይን ደብዳቤህን አንብቤ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። መልስም አልጻፍኩም። አሥር ጊዜ ጀምሬ አሥር ጊዜ ቀደድኩ። ባለፈው ቅዳሜ ቁርስ ላይ ሱኤለን እናቷን «ውሃ» ብላ ጠራች፤ ኢቮኔቴ ዞር ብላ ባሏን አየች። ቫልሚር የጠራት መስሏታል። ያን ጊዜ ተነሳሁና፣ «ሰኞ ለምርመራዬ ኩሪቲባ እሄዳለሁ፤ ልጅቷ ትከተለኝ፣ ብቻዬን ይጨንቀኛል» አልኩ። ቫልሚር አየኝ። «ለአንቺ ምርመራ ነው?» አለኝ። «ለኔ ነው» አልኩት። በሕይወቴ ለልጄ ዋሽቼ አላውቅም ብል ሌላ ውሸት ይሆንብኛል፤ ይሄኛው ግን ከበደኝ።

ዶክተር ኤልጋ አጭር፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት። መጀመሪያ እኔን በማሽኑ አስነሳችኝ፤ መድኃኒት የለ፣ መርፌ የለ። ወጥቼ ስቀመጥ ወረቀቱን ይዛ መጣች። ቁጥሬ ስድስት ነው፣ አዴማር። ስብ ናት፤ ክፋት የላትም። የደም ግፊቴም ደህና ነው፤ ደሜና ሽንቴም ንጹሕ ወጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት ለተማሪዎቼ ከአሥር ስድስት ስሰጥ ሲያለቅሱብኝ ኖሬ፣ እኔ ስድስት አግኝቼ ወንበሩ ላይ ልጨፍር ምንም አልቀረኝ።

ሱኤለን እግሬ ሥር አሻንጉሊት ይዛ ነበር። ቀና አለችና፣ «ሐኪም፣ አያቴ ዳነች?» አለቻት።

ዶክተሯ የልጅቷን ድምፅ ስትሰማ መጻፏን አቆመች። ብዕሯን አስቀምጣ ጎንበስ ብላ አየቻት።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሦስት ዓመት ከአራት ወር።»

«የርስዎ የልጅ ልጅ ናት?»

«አዎ።»

«ነይ እስቲ የኔ ቆንጆ፣ ቁመትሽን ልለካሽ» አለች። ለካቻት። ግፊቷን ለካችው፤ ለትልቅ ሰው እንኳ ከፍተኛ የሚባል ነው አለችኝ። ሸሚዟን ገልጣ ብብቷን አየች፤ ከዚያ በታችም አየች፤ መልሳም በቀስታ ሸፈነቻት። ወደ እኔ ስትመለከት ዓይኔን ግድግዳው ላይ ተክዬ ነበር።

አልትራሳውንዱ ክፍል ውስጥ ያንን የሚያዳልጥ ነገር ሆዷ ላይ ሲያፈሱባት፣ «ቀዘቀዘኝ! ማርማላታ ነው? ይበላል?» ብላ ሁሉንም አሳቀች። ከዚያ ዶክተሯ መሣሪያውን ቀኝ ጎኗ ላይ አስቀመጠችና መሳቅ አቆመች። መሣሪያውን ወዲያና ወዲህ አንሸራተተችው። መስኮቱ ላይ ዝንብ ትጮህ ነበር፤ እኔ በማይሰማው ጆሮዬ እሷን ሰማኋት። በመጨረሻ ማያውን ወደ እኔ አዞረችልኝ። ከኩላሊቷ አናት ላይ ብርቱካን የሚያህል ነገር አለ። ስድስት ሴንቲ። እኔ ወይን፣ እሷ ብርቱካን።

ወዲያው እኔን ባነሱበት ማሽን፣ በሲቲ ስካኑም አነሷት። ጉበቷ ንጹሕ ነው፤ ሳንባዋ ንጹሕ ነው፤ ወደ ትልቁ የደም ሥርም አልገባም። «እብጠቷን በመርፌ አንነካትም፤ ልባሷ ከተቀደደ ዘሯ ይረጫል። ሳትቀደድ ከነልባሷ መውጣት አለባት፤ ያውም ቶሎ» አለች። የአባት ፊርማ ያስፈልጋል። ሱቁ ጋ አስደውዬ ቫልሚር እንዲመጣ አስነገርኩ። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። ነገ ጠዋት ይደርሳል።

ሱኤለን አጠገቤ ተኝታለች። ታንኮራፋለች። ጸልይልን።

ዤኔሮዛ


ፖርቶ፣ ጁላይ 10 ቀን 1997

ምርቃትዎን፣ አክስቴ።

ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ። ስለ ስድስቷ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለ ሌላው ምን እንደምልዎ አላውቅም፤ እዚህ ሆኜ ቀኑን ስቆጥር ወይ ቀዶ ሕክምናው ተደርጎላታል ወይ ቀርቷል፤ እኔ የማውቀው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ዶክተር ኤልጋ ለእኔም ጽፋልኛለች። በእኛ አገር፣ በፓራናና በዙሪያዋ፣ ይህ የልጆች እብጠት ከሌላው ዓለም ይልቅ በብዙ እጥፍ ይታያል ትላለች፤ ለምን እንደሆነ ገና ማንም አያውቅም። በአንዳንድ ቤት ግን ከዘር ዘር ይተላለፋል። ስለዚህ በቤተሰባችን በልጅነት የሞቱትን ስም ትፈልጋለች። ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም። እባክዎ አንድም ሳይቀር ይጻፉላት።

እኛ ደህና ነን።

አዴማር


ካምፖ ዶ ፒንያው፣ ኦገስት 17 ቀን 1997

ለልጄ ለአዴማር፤

መሐሪው አምላክ ይባርክህ፤ እኔንም ይማረኝ።

ሱኤለን አለች። ይሄን ቀድሜ ልንገርህ። አሁን ከዶሮዎቹ ጋር ግቢ ውስጥ እየተጣላች ነው።

ቫልሚር ኩሪቲባ እንደ ደረሰ ኮሪደሩ ላይ ነገርኩት። ልጅቷን ከአልጋዋ አንስቶ አቅፎ ወደ ደረጃው ሄደ። «ወዴት ነው?» ስለው «ወደ ቤቴ! ደህና ልጅ ነበረችኝ፤ አንቺ ነሽ ያመጣሽባት። አንቺና ያ ፖርቱጋል ያለው ጉድሽ!» አለኝ፤ በሽተኛው ሁሉ እያየ። ዶክተር ኤልጋ አልጮኸችም፣ አልለመነችም። ፊልሙን ይዛ ወርዳ ደረጃው ላይ አጠገቡ ተቀመጠችና ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋችለት። «ይሄ ኩላሊቷ ነው፤ ይሄ ጉበቷ ነው፤ ይሄ ደግሞ ሌላው ነው» አለችው። ጣቱን አስጠግቶ ዙሪያውን ዞረበት። «ይሄ ሁሉ ሆዷ ውስጥ ነው?» አለ። «ይሄ ሁሉ።» «እሷ ግን ትሮጣለች እኮ፣ ሐኪም። ባልዲ ታነሳለች።» «አውቃለሁ» አለችው። ያን ጊዜ ፊቱን የሱኤለን አንገት ሥር ቀብሮ አለቀሰ። እሷም በዚያ ወፍራም ድምጿ «አባዬ፣ አታልቅስ፤ ማርማላታው አያምም» አለችው። ፈረመ።

ጁላይ 2 ቀን ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ አምስት ሰዓት ያህል ፈጀ። ልባሱ ሳይቀደድ ወጣ፤ ዘጠና ሁለት ግራም። ሐኪሞቹ ተስፋ አላቸው፤ ግን በየሦስት ወሩ ሆዷንና ሳንባዋን እናያለን፣ ለዓመታት፣ አሉን። ብጉሩ እየጠፋ ነው። ድምጿ ግን እንዲሁ ሊቀር ይችላል አሉ።

ቫልሚር ከእኔ ጋር ይነጋገራል፣ ግን ለማዘዝ ብቻ ነው። ለዚህም አልፈርድበትም። አሁን ለአንተ የምጽፈውን ለእሱ ገና አልነገርኩትምና።

ከቫልሚር በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ። ኔውዛ ትባል ነበር። በ1958 በሁለት ዓመቷ ሞተች። አንተ አልተወለድክም። ባሌ ስሟ እንዳይነሳ አለ፤ እኔም አላነሳሁም፤ ቫልሚርም እህት እንደነበረው አያውቅም። ኔውዛ ወፍራም ድምፅ ነበራት። ብጉር ነበራት። ገላዋን ሳጥባት ሕፃን ላይ መውጣት የሌለበት ቦታ ጸጉር አየሁ፤ ለማንም ለመናገር አፈርኩ፤ እርግማን ነው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ከስምንት ዓመት በኋላ እናትህ ዤልሶንን ስታሳየኝ አወቅሁ። ዝም አልኩ።

ባለፈው ኦክቶበር ሱኤለንን ሳጥባት አየሁት። ወዲያው አወቅሁት። ታውቃለህ ምን እንዳደረግሁ? በፎጣ አደረቅኋት፣ አለበስኳት፣ ጸጉሯን ጎነጎንኩላት። ስምንት ወር በየቀኑ እያጠብኩ በየቀኑ አለበስኳት። መጀመሪያ ስጽፍልህም ስለ ብጉሯ እየሳቅሁ የጻፍኩት አንተ ጠይቀህ እንድታወጣው ይሁን ወይስ ራሴን ለማታለል፣ እኔም አላውቅም። ስትጠይቀኝ ደግሞ ተቆጣሁህ። ያ አውቶቡስ ባይገለበጥ ኖሮ፣ ያቺ የእኔ ምስኪን ስብ ባትገኝ ኖሮ፣ እስከ ዛሬ አለብሳት ነበር።

ስሞቹን ለዶክተሯ ጻፍኩላት። ኔውዛ። ዤልሶን። የአያቴ እህት ሁለት ልጆች። የአጎቴ የመጀመሪያ ልጅ፣ በትል ሞተ የተባለው። አምስት ናቸው የማውቃቸው። ዘራችንን በወረቀት ላይ እንደ ዛፍ ሣለችውና በየቅርንጫፉ ያሉትን ልጆች ትጠይቀኝ ጀመር። የአልዚራ ቅርንጫፍ ላይ ስትደርስ፣ «ይቺኛዋስ?» አለችኝ። ማርታ ማለቷ ነው። «አባቷን እጠይቀዋለሁ» አልኳት።

ይሄን ሁሉ ጊዜ ስንጻጻፍ ስለ ሱኤለን ገላ ጠየቅኸኝ፣ ስለ ሙታኖቻችን ጠየቅኸኝ። ስለ ልጅህ የነገርከኝ የጫማዋን ቁጥር ብቻ ነው። «እኛ ደህና ነን» አልከኝ። እኔም ላንተ እንዲያ ነበር የምጽፍልህ፤ የሕፃን ገላ የሕፃን ገላ ነው እያልኩ። ባለቤትህ ስለ ዤልሶን ታውቃለች?

እንደኔ አትሁን፣ ልጄ።

ዤኔሮዛ


ፖርቶ፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1997

ምርቃትዎን ይስጡኝ፣ አክስቴ። ከምንጊዜውም ይልቅ ዛሬ ያስፈልገኛል።

ደብዳቤዎን ኪሴ ውስጥ ይዤ አሥራ አንድ ቀን ዞርኩ። ፊሎሜና አታውቅም ነበር። ስንተዋወቅ ወንድሜ በትርፍ አንጀት ሞተ ብያት ነበር። ያን ስላት ውሸት አልመሰለኝም፤ ባህር ስሻገር ሁሉንም ወዲያ ጥዬው የመጣሁ መስሎኝ ነበር። ማርታ ከተወለደች ጀምሮ በየሳምንቱ ገላዋን እኔ አጥባታለሁ ብዬ ሙጥኝ ያልኩት ለምን እንደሆነ ገርሟት አያውቅም፤ ጎረቤቶቿ ሁሉ «እንዴት ያለ አባት ነው» ይሏታል። እኔ ግን የምፈልገው ሌላ ነበር። በዓይኔ እፈልጋለሁ፤ በእጄ ጎኗን እዳብሳለሁ። የምሠራበት ማሽን ከቤቴ ሦስት ፌርማታ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የሰው ልጆች አልጋው ላይ አስተኝቻለሁ። የራሴን አንድ ቀን አልወሰድኳትም። ካላየሁት የለም ብዬ ነው።

ባለፈው እሑድ ለፊሎሜና ነገርኳት። ሳህን እያጠበች ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና እጇን አደረቀች። «አራት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ተኝተህ ይሄን ብቻህን ታውቅ ነበር?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «እሷ የኔም ልጅ ናት፣ አዴማር። የምፈራውን እንኳ ነጠቅኸኝ» አለች። ማርታን ይዛ እናቷ ቤት ሄደች። ማክሰኞ ጠዋት ግን ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ማርታን በእጇ ይዛ።

አልትራሳውንዱን የያዘችው የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ እኔ እምቢ አልኩ። ፊሎሜና አልጋው ራስጌ፣ እኔ እግርጌ ቆምን። የቀኙ ዕጢ በጉበቷ በኩል ፍንትው ብሎ ታየ፤ ንጹሕ ነው። የግራውን ግን የጨጓራዋ አየር ጋረደው። ባልደረባዬ መሣሪያውን ወደ ጎን አዞረችው፤ ጫን አደረገችው፤ ማርታን አዙሪያት አለች፤ እንደገና አየች። ዝም አለች። እኔ ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፣ አክስቴ። ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ ዝም ብያለሁ። ከእሱ በኋላ የሚመጣው ቃል ምን እንደሆነ እናትና አባት ከፊቴ ላይ ለማንበብ ሲሞክሩ ፊቴን እንደ ግድግዳ ማድረግ ተምሬአለሁ። አሁን እኔ የእሷን ፊት አነብ ነበር፤ ምንም አልተጻፈበትም።

«ምንም የለም» አለች በመጨረሻ። «ዛሬ ምንም አይታየኝም።»

ዛሬ አለች። ፊሎሜናም «ዛሬ» የምትለውን ሰማች።

«በሦስት ወር መልሷት» አለችን። ለዶክተር ኤልጋ ሁሉንም ጽፌያለሁ፤ ማርታን በዛፉ ላይ እንድትጨምራት። ለቫልሚርም ለብቻው ጽፌለታለሁ፤ ይቅርታ አልጠየቅሁትም፤ ስለ ልጄ ብቻ ነው የነገርኩት። እርስዎም ስለ ኔውዛ ይንገሩት። እህት እንደነበረችው ይወቅ።

ከሆስፒታሉ ስንወጣ ማርታ ከፊታችን እየዘለለች ደረጃውን ትወርድ ነበር። ፊሎሜና አልተቆጣችኝም፤ አላየችኝምም። ዓይኗ ልጅቷ ላይ ነበር፤ በትከሻዋ፣ በክንዷ፣ በእርምጃዋ ላይ።

«በየሦስት ወሩ እስከ መቼ ነው?» አለችኝ።

እስክታድግ አልኳት።

አዴማር